የካልጋሪ ፀሐይ አትሸውዳችሁ፦ ክረምቱ ሳይገባ የሚሠሩ ሥራዎች

ካልጋሪ የከረመ ሰው ከቤት ሲወጣ በመስኮት አይቶ አይለብስም፤ ቁጥር አይቶ ነው። ይህ ለአዲስ ሰው በቀላሉ አይዋጥለትም። አገር ቤት ፀሐይ ስትወጣ ጋቢው ይወልቃል። እዚህ ጃንዋሪ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋ በረዶው ላይ ዓይን እስክታጭበረብር እያበራች ውጭው ማይነስ 28 ሊሆን ይችላል። ደመና የመሬቱን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ያቆያል፤ ሰማዩ ሲጠራ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል። ስለዚህ በክረምት ደመናማው ቀን ይሻላል፣ ያ የሚያምረው ፀሐያማ ቀን ነው የሚቆነድደው። ከካናዳ ትልልቅ ከተሞች ብዙ ፀሐይ የምታገኘው ካልጋሪ ናት፤ በዓመት ወደ 330 በሚጠጋ ቀን ፀሐይ ትታያለች። የሚሸውደውም እሱ ነው።

ሌላው የሚያምታታው «ክረምት» የሚለው ቃል ራሱ ነው። ክረምት ስንል ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብና ጭቃ ይመጣብናል። እዚህ ክረምቱ የሚያንኳኳው አገር ቤት አደይ አበባ ሲፈነዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሴፕቴምበር 8 የጀመረው በረዶ ቅጠላቸው ገና ያልረገፈ ዛፎችን በከተማው ሁሉ ሰባብሯል፤ ዘመን መለወጫ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። እንዲህ ያለው በየዓመቱ አይመጣም፤ ቢሆንም ዝግጅቱን ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ጀምራችሁ ኦክቶበር 15 ላይ ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ጎማ ቀያሪው ወረፋ አለው፣ የፈርነስ (የቤት ማሞቂያ) ባለሙያው ስልክ አያነሳም፣ የልጅ ቡት በሚፈለገው ቁጥር አይገኝም።

ከውጭው ቧንቧ ጀምሩ

ሁሉም የሚረሳው ይህ ነው፣ ብዙ የሚያስከፍለውም ይህ ነው። ከግድግዳው ውጭ የአትክልት ጎማ የሚሰካበት ቧንቧ አለ። በአዳዲሶቹ ቤቶች ብርድን እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ስታጠፉት ውኃው የሚዘጋው ውጭ ሳይሆን ወደ ቤቱ ገባ ብሎ፣ ሙቀት ባለበት ቦታ ነው። የቀረው ውኃ በአፉ ይንጠባጠብና ቧንቧው ባዶ ይሆናል። የአትክልቱ ጎማ እንደተሰካ ከቀረ ግን ውኃው መውጫ ያጣል፤ ይረጋል፤ ሲረጋ ይሰፋል፤ ቧንቧውን ግድግዳው ውስጥ ይሰነጥቀዋል። ክረምቱን ሙሉ ማንም አያውቅም። ሜይ ላይ አበባ ለማጠጣት ስትከፍቱት ውኃው ወደ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ይገባል።

ስለዚህ ጎማውን ፍቱ፣ አፍስሱ፣ ጋራዥ አስገቡ። ቤቱ የቆየ ከሆነ ደግሞ ከቧንቧው በስተጀርባ፣ ብዙውን ጊዜ በቤዝመንቱ ጣሪያ አካባቢ፣ የውስጥ መዝጊያ ታገኛላችሁ። መጀመሪያ እሱን ዝጉ፣ ቀጥሎ ውጭ ወጥታችሁ ቧንቧውን ክፈቱና የቀረው ውኃ እስኪያልቅ ተዉት። እዚያው እያላችሁ የቤቱ ዋና የውኃ መዝጊያ የት እንዳለ እዩና ለቤተሰቡ ሁሉ አሳዩ። ቧንቧ የፈነዳ ዕለት መፈለጊያ ጊዜ የለም።

የቤት ውስጥ ቧንቧ ቢረጋ (ብዙውን ጊዜ በውጭው ግድግዳ በኩል ያለው የወጥ ቤት ማጠቢያ ነው) ከሥሩ ያለውን ቁም ሣጥን ከፍታችሁ የቤቱ ሙቀት እንዲገባ አድርጉ፣ ቧንቧውን ክፍት ተዉት፣ በፀጉር ማድረቂያ ከአፉ ጀምራችሁ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ አሙቁት። እሳት አታስጠጉ።

ፈርነስ

ሴፕቴምበር ላይ፣ ገና ሳያስፈልጋችሁ፣ ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) ወደ 25 ከፍ አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ አስነሱት። መጀመሪያ ላይ የተቃጠለ አቧራ ቢሸት የበጋው አቧራ ነው፣ ቶሎ ይጠፋል። የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ግን ጋዝ ነው። መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፤ ሁላችሁም ውጡና ደጅ ሆናችሁ 911 ደውሉ።

ፊልተሩን ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ልኩ ጠርዙ ላይ ተጽፏል፤ 16 በ25 በ1 ኢንች በብዛት የሚገኘው ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፈርነሱ ማመልከት አለበት፤ ተገልብጦ የገባ ፊልተር በየቤቱ ሞልቷል። ሱቅ ውስጥ «መርቭ» የሚባል ቁጥር ታያላችሁ፤ 8 እስከ 11 ይበቃል። 13 የበለጠ ያጠራል ተብሎ ለቆየ ፈርነስ ሲገዛ አየሩን ያንቀዋል፤ ፈርነሱ ከልክ በላይ ግሎ ራሱን ያጠፋል። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ፊልተሩን አውጥታችሁ ወደ መብራት ያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ጣሉት። ምንጣፍ፣ ልጆችና በየሳምንቱ ዕጣን ካለ ከወር አትለፉ።

ከቤቱ ውጭ በግድግዳው ላይ ሁለት ነጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች ብቅ ብለው ካያችሁ የፈርነሱ አፍና አፍንጫ ናቸው፤ በአንዱ አየር ይስባል፣ በሌላው ጭሱን ይተፋል። በረዶ ከተከመረባቸው ወይም አፋቸው ላይ አመዳይ ከጋገረ ፈርነሱ ይጠፋል፤ ይህ ደግሞ የሚሆነው በጣም በበረደው ሌሊት ነው። «ፈርነሱ ቆመ» ብላችሁ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ውጭ ወጥታችሁ ቱቦዎቹን እዩ።

ቤዝመንት የምትከራዩ ከሆነ ቴርሞስታቱ ብዙውን ጊዜ ፎቅ ባለው ሰው እጅ ነው። ውል ሳትፈርሙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ማን ነው? ፊልተሩን የሚቀይረውስ? ክፍሉ ውስጥ ከግድግዳው ሥር የተገጠመ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለ አልጋና መጋረጃ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይራቅለት።

የቤቱ አየር፣ ዕጣኑና ሊጡ

የካልጋሪ አየር ያለ ማሞቂያም ደረቅ ነው፤ ማይነስ 20 የሆነ አየር ቤት ገብቶ ሲሞቅ ደግሞ ጭራሽ ይደርቃል። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ልጆች ይነስራቸዋል፣ የበር እጀታ ስትነኩ ኤሌክትሪክ ቆንጠጥ ያደርጋል። እርጥበት ሰጪ ማሽን (ሂውሚዲፋየር) ይረዳል፤ ነገር ግን እርጥበቱ በውጭው ብርድ ልክ ነው መሆን ያለበት። ውጭው ማይነስ 10 ሲሆን ቤት ውስጥ ከ30 እስከ 35 በመቶ፣ ማይነስ 20 ሲሆን 25፣ ማይነስ 30 ሲደርስ ከ20 በታች። ከዚህ ካለፈ መስኮቱ ያልበዋል፣ ውኃው ጠርዙ ላይ ይረጋል፣ ሲቀልጥ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ሻጋታም ይዞ ይመጣል። የእርጥበት መለኪያዋ ትንሽና ርካሽ ናት፤ ግዟት። የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ማስጣትም ያለ ምንም ወጪ እርጥበት ይጨምራል።

አሁን ወደ ከሰሉ። በክረምት መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ስንጥቁ ሁሉ ተደፍኖ፣ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላትና ዕጣን ማጤስ ሰው ይገድላል። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ በኋላም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ሲጀምር ሰው «ቡናው ነው» ወይም «ጾም ነው» ይላል። አንድ ክፍል ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ሁሉንም አውጡና 911 ደውሉ። ዕጣኑን በኤሌክትሪክ ማጤሻ አጢሱ፤ በየሐበሻ ሱቁ አለ። ቡናውንም በኤሌክትሪክ ምድጃ። ውጭ ያቀጣጠላችሁትን ከሰል «አሁንማ ነዷል» ብላችሁ ማስገባትም ያው ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ዕቃ ካልተሠሩ በቀር ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የካርቦን ሞኖክሳይዱ በየፎቁ፣ በተለይ መኝታ ክፍሎች አጠገብ ይሁን። ጀርባው ላይ የሚያበቃበት ዓመት አለ፤ ከዚያ በኋላ ቢጮህም አትመኑት። ዕጣኑ ጭስ ጠቋሚውን ሲያስጮኸው ባትሪውን አውጥቶ መርሳትም የቤቱን ሰው ሁሉ ያለ ጠባቂ ማሳደር ነው።

ሊጡም ክረምቱ ይሰማዋል። በበጋ በሁለት ሦስት ቀን የሚቦካው ጤፍ በ19 ዲግሪ ወጥ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ ይተኛል። ምድጃውን (ኦቨኑን) ሳታሞቁ መብራቱን ብቻ አብሩና ሊጡን እዚያ አስቀምጡት፤ ያቺ አምፖል የምትሰጠው ሙቀት ይበቃዋል። ማብሪያው ላይ ግን «ሊጥ አለ» የሚል ወረቀት ለጥፉ፣ አለበለዚያ ፒዛ የሚያሞቅ ልጅ በ400 ፋራናይት ያበስልላችኋል። እንጀራው ከምጣዱ ሲወጣ አየሩ ጠርዙን ቶሎ ስለሚያደርቀው ሳይዘገይ ይከደን።

ልብስ

አንድ ወፍራም ጃኬት ከሦስት ስስ ልብሶች አይበልጥም። ሙቀት የሚይዘው በልብሶቹ መካከል ያለው አየር ነው። ከቆዳ ቀጥሎ ላብ የማይዝ፣ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፤ በላዩ ፍሊስ ወይም ሹራብ፤ ከውጭ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ መቀመጫን የሚሸፍን። ጥጥ ከቆዳ ጋር አይሁን። ጥጥ ላቡን ይጠጣና አይለቅም፤ ከአውቶቡስ ወርዳችሁ ስትቆሙ ያ እርጥብ ካናቴራ ይበርዳል፣ ቆፈኑ ከጀርባ ይጀምራል።

ቡት ስትገዙ የምትለብሱትን የሱፍ ካልሲ ይዛችሁ ሂዱና በእሱ ለኩ። ጣት ወደ ፊትም ወደ ጎንም መንቀሳቀስ አለበት። ሁለት ሦስት ካልሲ ደርቦ ጠባብ ቡት ውስጥ መጠቅጠቅ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል፤ እግራችሁ በካልሲ ተጠቅልሎ ይበርደዋል። ቡቱ ላይ የተጻፈው «ማይነስ 40» ለሚራመድ ሰው ነው፤ ፌርማታ ላይ ሃያ ደቂቃ ለሚቆም አይደለም። ለእጅ ጣቶቹ የተለያዩበት ጓንት ሳይሆን ጣቶች አንድ ላይ የሚሆኑበት ይሻላል፤ ጣቶች እርስ በርስ ይሟሟቃሉ።

ሱፍ ኮፍያ ፀጉር ይሰባብራል። ሹሩባም ሆነ ጎፈሬ፣ ከሥር የሳቲን ሻሽ እሰሩ ወይም ውስጡ ሳቲን የሆነ ኮፍያ ፈልጉ። እርጥብ ፀጉር ይዛችሁ አትውጡ፣ ውጭ ላይ ይረጋል። ትልልቅ የብረት ጉትቻ ብርዱን ወደ ጆሮ ስለሚያስተላልፍ ቀኑ ሲከፋ አውልቁት። ቫዝሊን ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ይጠቅማል፤ ከውርጭ ግን አያድንም፣ ፊት በሻርፕ መሸፈን አለበት።

ከሙቀቱ ቁጥር ጎን ንፋሱ ተጨምሮበት የሚሰጠውን፣ ዊንድ ቺል የሚባለውን እዩ። እሱ ከማይነስ 28 ሲያልፍ የተጋለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ ማይነስ 40 ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። በረዶ የመታው ቆዳ ይቀላል ወይም ይነጣል የሚለው ምክር ለፈዛዛ ቆዳ የተጻፈ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ አመድማ ወይም ግራጫ ሆኖ፣ እንደ ሰም ወዝ አልባ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ስትነኩት ይጠነክራል። ከሁሉ በፊት የሚመጣው ምልክት ግን መደንዘዝ ነው። ሲያም የነበረ ጣት በድንገት ሕመሙ ከተወው «ተሻለኝ» አትበሉ። ቤት ግቡ፣ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ አትሹት፣ በረዶ አታስነኩት፣ ማሞቂያ ላይ አታስጠጉት፤ የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አያውቅም። ካልተመለሰ ወይም ከቋጠረ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ በ811 ነርስ ማማከር ይቻላል።

ሕፃናትን በመኪና ስታጓጉዙ ወፍራም ጃኬት አልብሳችሁ ቀበቶውን አታስሩ። ለማረጋገጥ ልጁን ከነጃኬቱ አስቀምጡ፣ ቀበቶውን አጥብቁ፣ ከዚያ ሳታላሉት ፍቱና ጃኬቱን አውልቃችሁ መልሳችሁ ቆልፉት። የተፈጠረውን ክፍተት ታያላችሁ፤ ግጭት ቢደርስ ልጁ የሚሾልከው በዚያ ነው። ስስ ሹራብ ይልበስ፣ ቀበቶው ይጥበቅ፣ ጃኬቱ ወይም ጋቢው ከላይ ይደረብ።

ፀሐይዋ በሌላም መንገድ ታታልላለች። ካልጋሪ 51ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ናት፤ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ፀሐይዋ በጣም ዝቅ ስለምትል ቆዳ ቫይታሚን ዲ አያመርትባትም፤ ጠይም ቆዳ ደግሞ በሌላውም ወቅት ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል። በካናዳ የሚመከረው መጠን ከ1 እስከ 70 ዓመት ላለ ሰው በቀን 600 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ 800፣ ጡት ለሚጠባ ሕፃን 400 ነው። የገና ጾም የሚገባው ልክ በዚሁ ጊዜ ስለሆነ ወተትና እንቁላል ለሚተው ሰው ነገሩ ይብሳል፤ ቫይታሚን የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት ወይም ክኒን ያስፈልጋል። የፀሐይ መነጽር ደግሞ ክረምት ላይ ቅንጦት አይደለም፤ አዲስ በረዶ ጨረሩን መልሶ ዓይን ላይ ይረጨዋል፣ በዲሴምበር ፀሐይ የምትገባው በማይመች ሰዓት፣ ወደ 4 ሰዓት ተኩል ከሰዓት በኋላ በከተማው አቆጣጠር፣ ሥራ የወጣ ሾፌር ሁሉ ወደ ምዕራብ ሲነዳ ነው።

መኪና

ካልጋሪ ያለችበት ክፍለ ሀገር አልበርታ የክረምት ጎማ በሕግ አታስገድድም። ይህ ማለት አያስፈልግም ማለት አይደለም። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ፣ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከዚያ መንገዱ ደረቅ ቢሆንም አይዝም። ጎማው ጎን ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበትን ምልክት ፈልጉ፤ አራቱንም ቀይሩ። ሁለቱን ብቻ የፊቱን ቀይሮ የኋላውን መተው ኩርባ ላይ መኪናውን ያሽከረክረዋል። በባንፍ በኩል ወደ ቫንኩቨር የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ሕግ ነው፤ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በተራራ መንገዶቿ ላይ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ትጠይቃለች።

የጎማ አየር በየ5 እና 6 ዲግሪው ቅዝቃዜ 1 ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያ) ገደማ ይቀንሳል። ኦክቶበር በ15 ዲግሪ የሞላችሁት በማይነስ 25 ወደ 7 ይጎድልበታል። ዳሽቦርዱ ላይ የጎማው መብራት ሲበራ ጎማው ተበሳ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ለክታችሁ ሙሉ።

ባትሪ አራት ዓመት ካለፈው ኦክቶበር ላይ አስመርምሩት። በማይነስ 18 ጉልበቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ሞተሩ ደግሞ ዘይቱ ስለወፈረ ለመነሳት የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። የመስታወት ማጠቢያው እስከ ማይነስ 40 የሚችል ይሁን፤ የበጋው ቀርቶበት ከሆነ እየረጫችሁ ጨርሱት፣ ካልሆነ ቱቦው ውስጥ ይረጋል።

ከመኪናው አፍንጫ ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬት ተንጠልጥሎ ካያችሁ ብሎክ ሂተር ነው። ሞተሩን ያሞቃል። ከማይነስ 15 በታች ሲሆን ከመነሳታችሁ ሦስት አራት ሰዓት በፊት ይበቃዋል፤ ማሳደር አይጎዳም፣ ሂሳብ ብቻ ነው የሚጨምረው። በሰዓት የሚሠራ ማብሪያ ከገዛችሁ ገንዘቡን ቶሎ ይመልሳል። የኤክስቴንሽኑ ገመድ ለውጭ የተሠራ፣ ባለ ሦስት እግር፣ በተቻለ መጠን አጭር፣ ሽቦውም 14 ቁጥር ይሁን (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሽቦው ይወፍራል)። የቤት ውስጥ ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ፕላስቲኩም በብርድ ይሰበራል። ገመዱን ከሹፌሩ በኩል ባለው መስታወት ላይ ጠምጥማችሁ ሰኩት፤ ረስታችሁ ገመድ እየጎተታችሁ እንዳትወጡ።

ጠዋት ሞተሩን ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆሞ ማሞቅ አያስፈልግም፤ ቀስ ብሎ መንዳት ቶሎ ያሞቀዋል። ቁልፉን መኪናው ውስጥ ትታችሁ ቤት አትመለሱ፤ ሌቦቹ የክረምት ጠዋት ጭስ እያዩ ነው የሚዞሩት። ጋራዥ ውስጥ በሩ ተከፍቶም ቢሆን አታሙቁ። የረጋ መስታወት ላይ የፈላ ውኃ የሚደፋ ሰው አሁንም አለ፤ መስታወቱ ለሁለት ይከፈላል። እዚህ መንገድ ላይ ጠጠር ስለሚበተን የፊት መስታወት መመታቱ አይቀርም፤ ነቁጥ ስታዩ በዚያው ሳምንት አስጠግኑት። ከውጭ በርዶት ከውስጥ ሙቅ አየር ሲነፋበት ያቺ ነቁጥ ከዳር እዳር ትሮጣለች።

ከከተማ ስትወጡ 511ን (የመንገድ ሁኔታ መረጃ) እዩ፣ ነዳጁ ከግማሽ አይውረድ፣ ኋላ ላይ አካፋ፣ ብርድ ልብስ፣ ሻማና ክብሪት፣ የባትሪ ገመድ፣ የሚበላ ነገር ይኑር። መንገድ ላይ ከቀራችሁ ከመኪናው አትራቁ። በሰዓት አሥር ደቂቃ ያህል ሞተሩን አስነሱ፣ ከዚያ በፊት ግን ጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ወጥታችሁ እዩ።

በረዶ መጥረግና ቺኑክ

በአማርኛ ሁሉንም በረዶ እንላለን፤ አካፋ የያዘ ሰው ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው የሚገጥመው። አዲስ የወረደው እንደ ዱቄት ነው፣ በመጥረጊያ ይሄዳል። የተረገጠው ይጠብቃል፣ በአካፋ ይገፋል። ቀልጦ መልሶ የረጋው ደግሞ መስታወት ነው፣ ጨው ወይም ጠጠር ካልሆነ አይበገርም። ስለዚህ ሳይረገጥ ጥረጉት። ከተማው ከቤታችሁ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ እስከ ሲሚንቶው ድረስ እንድታጸዱ ያዛል፤ ቤታችሁ ጥግ ላይ ከሆነ ሁለቱንም ጎን። ካልሆነ ሰው ልኮ አስጠርጎ ሂሳቡን ይልክላችኋል። በረዶውን ወደ አስፋልቱ መግፋትም ክልክል ነው፤ ወደ ግቢያችሁ ሣር ይከመር። ኪራይ ከሆነ ማን እንደሚጠርግ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ግፉት እንጂ አታንሡት፤ ማንሣት ካለባችሁ አካፋው ግማሽ ይሁን፣ ጉልበት ይታጠፍ። ከባድ ሥራ ያለመደ ሰው ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው በብርድ ውስጥ በረዶ ሲዝቅ ልቡ ይጨነቃል፤ እንዲህ ላለ ሰው የጎረቤት ልጅ ይሻለዋል። ተራው የድንጋይ ጨው ከማይነስ 10 በታች ሥራ ያቆማል። ቦርሳው ላይ ካልሲየም ክሎራይድ የሚለው ከዚያ በታችም ይሠራል። ከዚያ ሲከፋ ጠጠር ወይም አሸዋ በትኑ፤ አያቀልጥም፣ ግን ያስይዛል።

ቺኑክ የሚባለው ሙቅ ነፋስ ከሮኪ ተራሮች ወዲህ ሲወርድ የካልጋሪን ክረምት ይሰብረዋል። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ላይ ረጅም የደመና ቅስት፣ ከሥሩ ጥርት ያለ ሰማያዊ መስመር ስታዩ መጣ ማለት ነው። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሊዘል ይችላል። ሰው ጃኬቱን ይጥላል፣ አንዳንዱ ራሱን ያመዋል። ትልቁ አደጋ የሚመጣው ግን ማታ ነው። ቀን የቀለጠው ውኃ ከጣሪያው በአሸንዳው ወርዶ የእግረኛ መንገዱን አቋርጦ ይፈሳል፣ ፀሐይ ስትገባ ይረጋል። ጠዋት ላይ እርጥብ የሚመስለው አስፋልት በረዶ ነው። ቅስቱን ያያችሁ ዕለት ሦስት ነገር ሥሩ፦ የቀረውን በረዶ ሳይቀልጥ ጥረጉ፣ የአሸንዳውን ጫፍ ከእግረኛ መንገዱ አርቃችሁ ወደ ሣሩ አዙሩት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሳትሸሽ ጭቃ የመሰለውን በረዶ ገፍታችሁ ጨርሱ። ወፍራሙንም ጃኬት ከመኪናው አታውርዱ።

ብዙ በረዶ ሲወርድ ከተማው የመኪና ማቆም እገዳ ያውጃል። መንገዳችሁ ላይ የበረዶ ቅንጣት የተሣለበት ሰማያዊ ምልክት ካለ እገዳው ይመለከታችኋል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 12 በእኛ አቆጣጠር፣ በከተማው ሰዓት ከ9 እስከ 6 ማለት ነው፣ እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ትላልቆቹ መንገዶች ቀድመው ይጠረጋሉ፤ የሰፈር ውስጥ መንገድ መጨረሻ ላይ ነው፤ አትጠብቁት።

መኪና የሌለው ሰው ዳውንታውን ላይ «ፕላስ 15» የሚባሉትን ድልድዮች ይልመድ። ከመንገዱ 15 ጫማ ከፍ ብለው ሕንፃ ከሕንፃ ያገናኛሉ፤ ከጫፍ ጫፍ ጃኬት ሳይለብሱ መሄድ ይቻላል። ማታና ቅዳሜ እሑድ ብዙዎቹ በሮች ስለሚዘጉ ሰዓቱን እዩ። በሰባተኛው አቬኑ ላይ ሲ-ትሬኑ (የከተማው ባቡር) ነፃ ነው፤ ከከተማው መሀል ወደ መሀል ለመሄድ ብርድ ላይ አትቁሙ። ብዙ ጣቢያዎች ላይ ማሞቂያው በአዝራር ነው የሚበራው፤ ሳይጫኑት የሚንቀጠቀጥ ሰው ብዙ ነው።

ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 (አንዳንዴ 20) ነው፤ ሁለቱም የብርዱ እምብርት ላይ ናቸው። ነጠላው ከጃኬቱ በላይ ይሁን፣ ከቀሚሱ ሥር የሱፍ ታይት ይልበስ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ስለሚወልቅና ሌሊቱን በእግር ስለሚቆም፣ ከቡቱ ካልሲ ሌላ አንድ ደረቅ ወፍራም ካልሲ በቦርሳ ያዙ፤ ቡቱ ውስጥ የገባው በረዶ ቀልጦ የለበሳችሁትን ያረጥበዋል። ቡታችሁንም በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስቀምጡ፤ ውስጡ ላይ በማርከር ስም ጻፉበት። ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ በሩ ላይ የተከመረው ጥቁር ቡት ሁሉ አንድ ነው፣ የሰው 38 ቁጥር ይዞ በማይነስ 25 ወደ መኪና መራመድ ደግሞ አያስኬድም።